በሞባይል ዳታ ሲከፈት የሚደበዝዝ ፎቶ፦ ጥራቱ የሚወድቀው የት ላይ ነው?

ጥያቄው፦ «አንድ ድረ ገጽ በዋይፋይ ስከፍተው ፎቶዎቹ ጥርት ብለው ይታያሉ። በሞባይል ዳታ ስከፍተው ግን እነዚያው ፎቶዎች ይደበዝዛሉ፤ በፎቶው ላይ ባሉ ጽሑፎች ዙሪያም ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይታያሉ። ላፕቶፔን ከስልኬ ሆትስፖት ጋር ሳገናኘውም ያው ነው። የራሴም የፎቶ ድረ ገጽ አለኝ፤ ጎብኚዎች ተመሳሳይ ቅሬታ ያቀርባሉ። ችግሩ ስልኬ ነው፣ ኔትወርኩ ነው ወይስ ድረ ገጹ? መፍትሔውስ ምንድን ነው?»

መልስ፦

ሦስቱም ሊሆኑ ይችላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ቪፒኤን መጫን፣ ብራውዘር መቀየር፣ ፎቶዎቹን በትልቅ መጠን እንደገና ወደ ሰርቨሩ መጫን፣ ሁሉም በየተራ ቢሞከሩ አንዱ በአጋጣሚ ሊሠራ ይችላል። ለምን እንደሠራ ካልታወቀ ግን ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ምንም ከመንካትዎ በፊት ፎቶው ከሰርቨሩ እስከ ስክሪንዎ ባለው መንገድ የት ላይ እንደተለወጠ ይለዩ። ይህን በትክክል የሚነግርዎት ዓይንዎ ሳይሆን የፋይሉ መጠን በኪሎባይትና የምስሉ ስፋት በፒክስል ነው።

ከጥያቄዎ ውስጥ አንድ ጥሩ ፍንጭ አለ፦ ላፕቶፑም በሆትስፖት ሲገናኝ ያው መሆኑ። ይህ የስልኩን ብራውዘርና የስልኩን ስክሪን ከተጠርጣሪዎች ያወጣቸዋል። የቀሩት ሁለት ናቸው፦ ወይ ኔትወርኩ መሃል ላይ ፎቶውን እየቀየረው ነው፣ ወይ ድረ ገጹ ራሱ ግንኙነቱ ቀርፋፋ መሆኑን አይቶ ዝቅተኛውን ፎቶ እየላከ ነው። ሁለቱን የሚለየው የሚከተለው ሙከራ ነው።

የሚያስቸግርዎትን አንድ ፎቶ ይምረጡና ተጭነው ይዘው (ላፕቶፕ ላይ በቀኝ ክሊክ) ምስሉን በአዲስ ታብ ይክፈቱ። ገጹ ሳይሆን ምስሉ ብቻውን መከፈት አለበት። አድራሻውን ኮፒ አድርገው በማስታወሻ ያስቀምጡ። ከዚያ በዚያው አድራሻ፣ በአንድ መሣሪያና በአንድ ብራውዘር፣ ኔትወርኩን ብቻ እየቀየሩ ፋይሉን ሁለት ጊዜ ያውርዱት፤ አንዴ በዋይፋይ፣ አንዴ በሞባይል ዳታ። ብራውዘሩን ከቀየሩ ሙከራው ዋጋ ያጣል፤ ብዙ ሰርቨሮች ብራውዘሩ የሚቀበላቸውን የምስል ዓይነቶች እያዩ ለአንዱ ጄፔግ፣ ለሌላው ዌብፒ፣ ለሌላው ደግሞ ኤቪአይኤፍ ስለሚልኩ ልዩነቱ ከኔትወርኩ ይሁን ከብራውዘሩ መለየት አይቻልም።

በዚህ ሙከራ ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ካሽ ነው፤ ብራውዘሩ የከፈታቸውን ፋይሎች ቅጂ የሚያስቀምጥበት ማከማቻ። በዋይፋይ የወረደው ጥሩ ፎቶ በካሽ ውስጥ ካለ፣ ወደ ሞባይል ዳታ ሲቀይሩ ብራውዘሩ ያንኑ ያሳይዎትና ችግር የሌለ ይመስልዎታል። ተቃራኒውም ይደርሳል፤ በሞባይል ዳታ የወረደው የተበላሸ ፎቶ ካሽ ውስጥ ስለተቀመጠ በዋይፋይም ለቀናት ደብዝዞ ይታያል። ኔትወርክ በቀየሩ ቁጥር ካሹን ያጥፉ፤ ወይም ክፍት የሆኑትን የግል መስኮቶች ሁሉ ዘግተው አዲስ የግል መስኮት ይክፈቱ።

አሁን ሁለቱን ፋይሎች ያስተያዩ። በስልክ የፎቶውን ዝርዝር መረጃ ሲከፍቱ ስፋት፣ ቁመትና የፋይል መጠን ይታያሉ። ላፕቶፕ ላይ ከሆኑ የሁለቱን ፋይሎች የሻ-256 አሻራ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) ያውጡ፤ አሻራው አንድ ከሆነ ፋይሎቹ እስከ መጨረሻዋ ባይት አንድ ናቸው።

ስፋቱ በፒክስል እኩል ሆኖ መጠኑ ብቻ በጣም ከቀነሰ፣ ለምሳሌ ከ240 ኪሎባይት ወደ 70 ከወረደ፣ አንድ ነገር ፎቶውን ፈትቶ እንደገና አምቆታል (መጠኑ እንዲያንስ ጨምቆታል)። ስፋቱም ከቀነሰ ተጠርጣሪው አንድ ብቻ ስላልሆነ የአድራሻውን መጀመሪያ ይመልከቱ። በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምር ከሆነ ግንኙነቱ የተመሰጠረ ስለሆነ ኔትወርኩ ሊነካው አይችልም፤ ለውጡ የመጣው ከሰርቨሩ ወይም ከብራውዘሩ ነው። በተራው፣ ባልተመሰጠረው ኤችቲቲፒ የሚጀምር ከሆነ ግን መሃል ያለው ኔትወርክ ዋናው ተጠርጣሪ ነው። ሁለቱ ፋይሎች ፍጹም አንድ ሆነው ገጹ ላይ ግን ፎቶው የሚደበዝዝ ከሆነ፣ ገጹ በሞባይል ዳታ ሌላ አድራሻ ያለው ትንሽ ፎቶ እየመረጠ ነው፤ ያን ጊዜ በሁለቱም ኔትወርኮች ገጹን ከፍተው የፎቶውን አድራሻ ያስተያዩ።

ከነዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ጉዳይም አለ፦ ሳይጨርስ የቆመ ፎቶ። በደረጃ የሚጫን ጄፔግ መጀመሪያ መላው ፎቶ ደብዝዞ ይታያል፣ ዳታው በደረሰ ቁጥር እየጠራ ይሄዳል፤ ግንኙነቱ መሃል ላይ ከተቋረጠ ደብዝዞ ይቀራል፣ ሰውም ጥራቱ የወደቀ ይመስለዋል። ከላይ ወደታች የሚጫነው ተራ ጄፔግ ቢቋረጥ ግን የላይኛው ክፍል ጥርት ብሎ የታችኛው ግራጫ ወይም ባዶ ይሆናል። ፋይሉን እንደገና ሲያወርዱት መጠኑ ከጨመረ ችግሩ መቋረጥ እንጂ ማመቅ አይደለም።

ያዩዋቸው ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከየት እንደሚመጡ ማወቁ ለምርመራው ይጠቅማል። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ቁራጮች ይከፋፍላል፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ያለውን ዝርዝር ወደ ቁጥሮች ለውጦ፣ ዓይን ብዙም የማያስተውላቸውን ደቃቅ ለውጦች ያጠጋጋል ወይም ዜሮ ያደርጋል። ማጠጋጋቱ ሲበዛ አጎራባች ቁራጮች ጠርዝ ለጠርዝ አይገጥሙም፤ አራት ማዕዘኖቹ ያኔ ይታያሉ። ፊደል ስለታም ጠርዝ ስላለው በዙሪያው ጭጋግ የመሰለ ነጠብጣብ ይፈጠራል። ቀለም ላይ ጉዳቱ የባሰ ነው፤ አብዛኛው ማመቂያ የቀለሙን ዝርዝር በአግድምም በቁመትም በግማሽ ስለሚቀንሰው ለአራት ፒክስል አንድ የቀለም ዋጋ ብቻ ይቀራል። በጥቁር ላይ የተጻፈ ቀይ ጽሑፍ ቀድሞ የሚጠፋው ለዚህ ነው። አንዴ የተጣለ ዝርዝር ደግሞ አይመለስም። ስልኩ ላይ የሚሠሩ «ፎቶ አጥሪ» አፖች ጠርዙን ስለታም ያደርጉታል፣ አንዳንዶቹም የሌለ ዝርዝር ፈጥረው ይሞላሉ፤ ዋናውን ፎቶ ግን ሊመልሱ አይችሉም። ያለው አማራጭ ያልተነካውን ፋይል እንደገና ማምጣት ብቻ ነው።

ኔትወርኩ ከሆነ

አንዳንድ የሞባይል ኔትወርኮች በደንበኛውና በድረ ገጹ መካከል ፕሮክሲ ያስቀምጣሉ። ፕሮክሲው ያልተመሰጠረውን የኤችቲቲፒ ትራፊክ ያነባል፤ ፎቶ ሲያገኝ በዝቅተኛ ጥራት እንደገና አምቆ ያስተላልፋል፣ የሬዲዮ ሞገዱን ለመቆጠብ። ደንበኛው አልጠየቀውም፣ ስልኩም ላይ የሚጠፋ ሴቲንግ የለውም። በቀድሞዎቹ ዓመታት ከዚህም አልፎ የገጹን ኮድ ራሱን የሚለውጡ ነበሩ፤ የፎቶዎቹ አድራሻ በ1.2.3 ወደሚጀምር የአይፒ ቁጥር ይቀየራል፣ በገጹ ውስጥ ያልነበረ የጃቫስክሪፕት ፋይል ይገባል፣ ማውሱን ፎቶው ላይ ሲያሳርፉም ሺፍትንና አርን ተጭነው ጥራቱን እንዲያሻሽሉ የሚጋብዝ መልእክት ይወጣል። የገጽዎን ምንጭ ኮድ ከፍተው እንዲህ ያለ ነገር ካገኙ ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልግም። ድረ ገጽ አዘጋጆች ይህን ፋይል ቫይረስ መስሏቸው ሰርቨራቸውን ሲፈትሹ ይውላሉ፤ ሰርቨሩ ውስጥ ግን አያገኙትም፣ የገባው መንገድ ላይ ነውና።

እንደ ተጠቃሚ መጀመሪያ የሚሞክሩት ቀላሉን ነው፦ አድራሻውን በኤችቲቲፒኤስ ጽፈው ይክፈቱ። ድረ ገጹ የሚደግፈው ከሆነ ችግሩ እዚያው ያበቃል፤ ፕሮክሲው የተመሰጠረውን ፎቶ ማየት ስለማይችል ሊያምቀውም አይችልም። ክሮምም ፋየርፎክስም ሁልጊዜ በተመሰጠረ ግንኙነት እንዲከፍቱ የሚያዝ ሴቲንግ አላቸው፤ እሱን ማብራት በየገጹ ከመድከም ያድናል።

ድረ ገጹ ኤችቲቲፒኤስ ከሌለው ላፕቶፕ ላይ ኮንትሮልና ኤፍ5 አብረው ይጫኑ። ይህ ተራ ማደስ አይደለም፤ ብራውዘሩ የራሱን ካሽ ትቶ «ከካሽ አትስጠኝ» የሚል ሄደር (ከጥያቄው ጋር አብሮ የሚሄድ አጭር መልእክት) ይልካል፣ አንዳንድ ፕሮክሲዎችም ይህን ሲያዩ ዋናውን ፎቶ ያሳልፋሉ። ይህን በየገጹ ማድረግ የሚያሰለች ከሆነ፣ ሄደር የሚጨምር የብራውዘር ማስፋፊያ ጭነው ለእያንዳንዱ ጥያቄ «ካሽ-ኮንትሮል» በሚለው ሄደር ውስጥ «ኖ-ትራንስፎርም» የሚል ትእዛዝ እንዲልክ ያድርጉ። ትርጉሙ ይዘቱን አትለውጥ ማለት ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቢያንስ ከ1999 ጀምሮ በኤችቲቲፒ ደንብ ውስጥ አለ፤ በ2022 በወጣው ደንብም ፕሮክሲ ይህ ትእዛዝ ያለበትን የሰርቨር መልስ ይዘት እንዳይለውጥ ተከልክሏል። ደንቡን የማያከብር ፕሮክሲ ግን አለ፤ ከጫኑት በኋላ ሙከራውን ይድገሙት።

የስልኩን የኤፒኤን ሴቲንግ፣ ማለትም ስልኩ ከሞባይል ኢንተርኔት ጋር የሚገናኝበትን ቅንብር፣ ማየትም ተገቢ ነው። «ፕሮክሲ» እና «ፖርት» የሚሉት ቦታዎች ተሞልተው ከተገኙ፣ ስልኩ በግልጽ በፕሮክሲ በኩል እየወጣ ነው። ያለውን ቁጥር ጽፈው ካስቀመጡ በኋላ ባዶ አድርገው ይሞክሩ፤ ኢንተርኔቱ ከቆመ መልሰው ይሙሉት። «ኤምኤምኤስ ፕሮክሲ» የሚለውን ግን አይንኩ፤ እሱ የመልእክት ፎቶዎችን ለማስተላለፍ ነው፣ ከድረ ገጽ ጋር አይገናኝም። በኤፒኤን ላይ ፕሮክሲ የለም ማለት ኔትወርኩ ላይ የለም ማለት እንዳልሆነም ይወቁ፤ አብዛኛው ከስልኩ በማይታይ ቦታ ነው የሚሠራው።

ቪፒኤን የመጨረሻው አማራጭ ነው። በርግጥ ይሠራል፤ ከስልክዎ እስከ ቪፒኤኑ ሰርቨር ያለው መንገድ ሁሉ ስለሚመሰጠር የኔትወርኩ ፕሮክሲ ምንም አያይም። ሁለት ነገር ግን ያስቡበት። ፎቶዎቹ በሙሉ መጠናቸው ስለሚመጡ የዳታ ፍጆታዎ ይጨምራል። አንዳንድ ዳታ ይቆጥባሉ ተብለው የሚሰጡ ነጻ ቪፒኤኖች ደግሞ ራሳቸው ፎቶ ያምቃሉ፤ አንዱን ፕሮክሲ በሌላ መተካት ይሆናል።

ብራውዘሩና ስልኩ

በእርስዎ ሁኔታ ይህ ዋናው ምክንያት አይመስልም፤ ጎብኚዎችዎ ግን ብዙዎቹ እዚህ ሊሆኑ ይችላሉ። ኦፔራ ሚኒ በከፍተኛው የቁጠባ ደረጃው ገጹን በራሱ ሰርቨሮች ላይ ከፍቶ፣ ፎቶዎቹን አምቆ ነው ወደ ስልኩ የሚልከው። ገጹን የሚቀበለው የኦፔራ ሰርቨር ስለሆነ ኤችቲቲፒኤስ እዚህ ላይ አይከላከልም። በሴቲንጉ ውስጥ የምስል ጥራት ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ የሚል ምርጫ አለ፤ ወደ ከፍተኛ ማድረግ ወይም ቁጠባውን ማጥፋት ይበቃል። በክሮም ላይ የነበረው ተመሳሳይ አገልግሎት በመጋቢት 2022 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በ100ኛው እትም ተነሥቷል፤ ስለዚህ ዛሬ «የክሮምን ላይት ሞድ አጥፋ» የሚል ምክር ካገኙ ጊዜው ያለፈበት ነው። የአንድሮይድ ዳታ ቆጣቢና የአይፎን ዝቅተኛ የዳታ ሁነታ ግን አሁንም አሉ። እነሱ ራሳቸው ፎቶ አያምቁም፤ አፖች፣ በአንድሮይድ ላይ ደግሞ ድረ ገጾችም፣ ቁጠባ እንደተፈለገ አውቀው ትንሹን ፎቶ እንዲመርጡ ያደርጋሉ።

የራስዎ ድረ ገጽ

እዚህ ላይ ሥልጣኑ ሙሉ በሙሉ በእጅዎ ነው፤ ትልቁም ሥራ ኤችቲቲፒኤስ ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ለኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገውን የምስክር ወረቀት በነጻ ይሰጣል፤ የተለመደው ወረቀት 90 ቀን ስለሚቆይ እድሳቱን አውቶማቲክ ማድረግ ግዴታ ነው። ከዚያ ሁሉንም የኤችቲቲፒ ጥያቄ በ301 (በቋሚ ማዛወሪያ) ወደ ኤችቲቲፒኤስ ያዙሩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፣ ችግሩም ግማሹ ይቀራል፤ በአሮጌ ጽሑፎች ውስጥ የፎቶ አድራሻዎች አሁንም በኤችቲቲፒ ተጽፈው ይገኛሉ። አንዳንድ ብራውዘር አድራሻውን ራሱ ያስተካክለዋል፣ ሌላው እንዳለ ይጭነዋል፤ እንዳለ ከተጫነ የገጹ ጽሑፍ ተመስጥሮ ሳለ ፎቶው በፕሮክሲው በኩል ያልፋል። በዳታቤዙ ውስጥ ያሉትን አሮጌ አድራሻዎች ፈልገው ይተኩ።

ቀጥሎ ለምስል ፋይሎች ያንኑ «ኖ-ትራንስፎርም» ከሰርቨርዎ ይላኩ። የሰርቨርዎ ሶፍትዌር አፓቼ ከሆነ የሄደር ሞጁሉ መብራት አለበት። ኤንጂኔክስ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ፦ በአንድ የሎኬሽን ክፍል (ለተወሰኑ አድራሻዎች ብቻ በሚሠራ የቅንብር ክፍል) ውስጥ አንድ እንኳ ሄደር ከጨመሩ፣ ከላይ በሰርቨር ደረጃ የጨመሯቸው ሄደሮች በዚያ ክፍል ውስጥ አይወረሱም። ለፎቶ ብለው ክፍል ሲከፍቱ የደኅንነት ሄደሮችዎ ድምፅ ሳያሰሙ ይጠፋሉ፤ ሁሉንም እዚያው መድገም ያስፈልጋል። ትእዛዙን ለመላው ድረ ገጽ ከመስጠትም ይቆጠቡ። ክላውድፍሌርን የመሰለ ሲዲኤን (የድረ ገጽን ቅጂ በተለያዩ ቦታዎች ካሉ ሰርቨሮች የሚያከፋፍል አገልግሎት) ይህን ትእዛዝ ሲያይ የጽሑፍ ፋይሎችንም ማመቅ ያቆማል፤ ገጹ በቀርፋፋ ግንኙነት ይበልጥ ይዘገያል። ለፎቶ ብቻ ይሁን።

ሲዲኤን ካለዎት የራሱን የምስል ማሻሻያ ሴቲንግ ይፈትሹ። በክላውድፍሌር ፖሊሽ የሚባለው ጥራት ሳይቀንስ ወይም ጥራት እየቀነሰ እንዲያምቅ ይጠየቃል፤ ለፎቶ ድረ ገጽ የመጀመሪያውን ይምረጡ። በወርድፕሬስ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ከ4.5ኛው እትም ጀምሮ የተቀነሱ ጄፔጎችን ከ100 በ82 ጥራት እንደሚያወጣ፣ ከ5.3 ጀምሮም ከ2560 ፒክስል የሚበልጠውን ፎቶ በራሱ እንደሚያሳንስ ይወቁ። አስቀድመው በ60 ጥራት ያመቁትን ፎቶ ከጫኑ ወርድፕሬስ የተበላሸውን እንደገና ያምቀዋል። ጥሩ ጥራት ያለውን ጭነው ማሳነሱን ለእሱ መተው ይሻላል።

አንዳንድ የድረ ገጽ ቴምፕሌቶችና ፕለጊኖች የግንኙነቱን ፍጥነት ከብራውዘሩ ይጠይቃሉ። ክሮምና ዘመዶቹ የሚመልሱት የኔትወርኩን ትውልድ ሳይሆን የተለካ ግምት ነው፤ መልእክት ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ 270 ሚሊሰከንድ ከደረሰ ግንኙነቱ አራተኛ ትውልድ ቢሆንም «3ጂ» ይባላል። ፕለጊኑ ይህን አምኖ ትንሹን ፎቶ ይሰጣል። ሆትስፖት ላይ ያለ ላፕቶፕም በዚህ መለኪያ ይወድቃል፤ ስለዚህ የእርስዎ ፎቶዎች በኤችቲቲፒኤስ የሚመጡ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው። ፕለጊኑን አጥፍተው ይሞክሩ።

ጎብኚው በዋይፋይም ደብዝዞ የሚያይ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። 360 ነጥብ ስፋት ያለው ስልክ (ነጥብ በድረ ገጽ ኮድ ውስጥ የስፋት መለኪያ ነው)፣ ለአንድ ነጥብ ሦስት ፒክስል ካለው፣ ስክሪኑን ለመሙላት 1080 ፒክስል ስፋት ይፈልጋል። በኮምፒውተር በአራት ዓምድ የሚታይ የፎቶ መደርደሪያ ስልክ ላይ አንድ ዓምድ ይሆናል፤ በኮዱ ውስጥ የፎቶው ስፋት «300 ነጥብ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ብራውዘሩ ለዚያ የሚበቃውን መርጦ በስክሪኑ ልክ ይለጥጠዋል። በጠባብ ስክሪን ላይ የስክሪኑን ሙሉ ስፋት እንደሚይዝ መግለጽ ነው ያለበት።

ስንት ኪሎባይት?

ፕሮክሲም ሆነ ቁጠባ የሚመጣው ፎቶዎች ከመጠን በላይ ስለሚከብዱ ነው፤ በሴኮንድ 400 ኪሎቢት በሚያስተላልፍ ግንኙነት 3 ሜጋባይት ፎቶ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ 200 ኪሎባይት የሆነው ግን 4 ሴኮንድ። ለገጽ ውስጥ ፎቶ ረጅሙን ጎን 1600 ፒክስል፣ የጄፔግ ጥራቱን ከ75 እስከ 82 ያድርጉ። ዝርዝሩ ካልበዛ አብዛኛው ፎቶ ከ150 እስከ 300 ኪሎባይት ይወጣዋል። ቅጠል፣ አሸዋና ሕዝብ የበዛበት ፎቶ ከዚህ ይበልጣል፤ እሱን ጥራቱን በመቀነስ ሳይሆን ስፋቱን ወደ 1280 በማውረድ ያቅልሉት፤ በስልክ ስክሪን ላይ የሚታየው ጉዳት ያንሳል። ሙሉ መጠን ያለውን ፋይል ለሚፈልግ ሰው በተለየ የማውረጃ ሊንክ ይስጡ።

ጽሑፍ ያለበትን ምስል፣ ስክሪንሾት፣ ካርታና ሰንጠረዥ፣ ከፎቶ ለይተው ይያዙ። በፒኤንጂ ወይም ጥራት በማይቀንሰው ዌብፒ ያስቀምጧቸው። ጥራት የሚቀንሰው ዌብፒ የቀለሙን ዝርዝር ሁልጊዜ በግማሽ ስለሚቀንስ ቁጥሩን 100 ቢያደርጉትም ቀይ ፊደል ጠርዙ ይደፈርሳል። ጄፔግ ግድ ከሆነ ፎቶ አዘጋጁ ሶፍትዌር ላይ የቀለም ቅነሳውን 4:4:4 (የቀለሙን ዝርዝር የማይቀንሰውን) ያድርጉት፤ ፋይሉ ትንሽ ይከብዳል፣ ፊደሉ ግን ይነበባል።